ካይት ክሪክ ማዶ

ሰኞ፣ ኦገስት 4

የፓርኩን በር ከፈትኩ። ሽንት ቤቶቹን አጸዳሁ። ካምፑ ውስጥ አንዱ እሳቱን ሳያጠፋ ሄዷል... ሁሌም አንድ አይጠፋም። ውሃ ደፋሁበት፣ አመዱን በአካፋ ገለበጥኩት።

ከሜልበርን የመጡ ባልና ሚስት ፏፏቴው ጋ መዋኘት ይቻላል ወይ አሉኝ። አዞ አለ አልኳቸው።

"ትንሽ ነው አይደል?" አለች ሴትየዋ።

"እሱ ግን ትንሽ ነኝ ብሎ አያስብም።"

ባልየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከሰዓት ማሽኖቹ መጡ። ግሬደር፣ ዶዘር፣ የውሃ ቦቴ፣ ሁሉም በሎቤድ ተጎታች ተጭነው። ስንት ዓመት ነው ስብሰባ የተቀመጥነው? ክረምት በገባ ቁጥር ወንዛችን ካይት ክሪክ ይሞላል፣ ማዶ ያሉት ሰዎቻችን ውሃው እስኪጎድል እንደ ታሰሩ ይከርማሉ። መንግሥትን ድልድይ ሥሩልን አልን። ማዳመጥ ላይ ጎበዞች ናቸው። ዘንድሮ እሺ አሉ። እስከ ፏፏቴው አስፋልት፣ ለኛ ደግሞ ድልድይ። መጀመሪያ ድልድዩ። ክረምት ሳይገባ ያልቃል።

ማታ ወንድሜ ሄክተር ከተማ፣ ከዳርዊን ሆስፒታል ደወለ።

"መጡ?"

"መጡ።"

"ግሬደሩን ማነው የሚነዳው?"

"አላየሁትም። ልጅ ነገር ነው።"

"ቀስ ይበል በይው። ያ ድንጋይ ምላጭ ይበላል።"

ጎልማሳነቱን በሙሉ ያንን መንገድ ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው። አሁን ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ፣ ማሽን ላይ ተጋድሞ ደሙ ሲታጠብ የሚያስበው ስለ ግሬደር ምላጭ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 13

አቧራ። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ሻዬ ውስጥ፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ አንሶላዬ ውስጥ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 21

ቢሮ ስብሰባ ነበረን። አለቃዬ ፊዮና ወንበሩን ራሷ ደረደረች። እንደዚያ ስታደርግ ደስ የማይል ነገር ልትነግረን ነው ማለት ነው። የተቋራጩ ኃላፊ ትሬቨር ይባላል። ረጅም፣ ፀሐይ አንገቱን የላጠው ሰውዬ። ግድግዳው ላይ ካርታ ለጠፈ።

"ከሰኞ ጀምሮ ከዋናው በር ወዲያ ሙሉ በሙሉ ዝግ ነው" አለ። "ኩይሳዎቹ ጋ በግራ ታጥፎ ወደ ፏፏቴውና ወደ ቱሪስት ሎጁ የሚሄደውም፣ በቀኝ ወደ ካይት ክሪክ የሚሄደውም።"

"ሰዎቹስ?" አልኩ።

"የትኞቹ?"

የትኞቹ ይለኛል። ከፊቱ ተቀምጠው እያያቸው።

"ማዶ የሚኖሩት" አልኩት።

"አስበንበታል፣ ሎርና" አለች ፊዮና ቶሎ ብላ። "በየሳምንቱ ሄሊኮፕተር ምግብ ያደርሳል። አምስት ሳምንት ብቻ ነው። ለደህንነት ነው።"

አክስቴ ኤልሲ እጇን አነሳች። የመንደሩ ታላቅ እሷ ናት፣ የእናቴ ታናሽ እህት። በጭነት መኪና ከኋላ ተጭና ነው ለስብሰባው የመጣችው።

"በክረምት ሲዘጋብኝ ዝናቡን ተሳድቤ አላውቅም" አለች። "በበጋ የሚዘጋብኝ ግን ሰው ነው። ሰው ይሰደባል።"

ሁሉም ሳቁ። ትሬቨርም ሳቀ። የቀለደች መስሎታል።

ሲያልቅ ፊዮና ለብቻዬ ጠራችኝ። በሩን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ አለችኝ። ቁልፉን ሰጠችኝ። "አንቺን ይሰሙሻል።"

የገዛ ዘመዶቼን እንድመልስላቸው ነው እንግዲህ። የፓርኩን ሸሚዝ ለብሼ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሬያለሁ... እንደ ዛሬ አንገቴን በልቶኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ሄክተር ደወለ። ድምፁ ቀሏል።

"ሎር" አለኝ። እንደዚያ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው። "በቃኝ።"

"ምኑ?"

"እጥበቱ። ለዶክተሯ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም።"

በመስኮት የውሃ ቦቴው ሲያልፍ አያለሁ።

"ካቆምኩ በኋላ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ነው አለችኝ። እዚህ ግን አላቆምም። እዚህ አስፋልትና የሆስፒታል ግድግዳ እያየሁ አልሞትም። ቤቴ ስደርስ ነው የማቆመው። መንገዱ መቼ ነው የሚከፈተው?"

"በወሩ መጨረሻ ብለዋል።"

"እንግዲያው እስከዚያ እታጠባለሁ።" ሳቀ። "እዚያ ለመሞት ስል እዚህ በሕይወት እቆያለሁ። እንዲህ ዓይነት ሥራ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም።

ፊዮና ጋ ሄድኩ። ሄሊኮፕተሩ ይውሰደው አልኳት። ዓይኗ ቀላ። ከልቧ አዝናለች፣ እሱን አልክድም። ግን ሄሊኮፕተሩ ለዕቃና ለድንገተኛ ብቻ ነው።

"ይሄ ምንድነው ታዲያ?"

"ሎርና... በሽተኛን ከሆስፒታል ወደ ውጭ ማውጣት ድንገተኛ አይባልም።"

ዱቄትና የቆርቆሮ ሥጋ ይበርራል። ወንድሜ አይበርርም። ሊሞት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ድንገተኛ አይደለም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይቺን ሳመነዥክ ዋልኩ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 26

ማሽኖቹ ከካይት ክሪክ ወጡ።

በዓይኔ አየሁ። በጠዋት ዶዘሩ ሎቤድ ላይ ወጣ፣ ግሬደሩ ተከተለ፣ ኩይሳዎቹ ጋ ሲደርሱ ወደ ፏፏቴው ታጠፉ። ያለቀ መስሎኝ ደስ ብሎኝ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። ምን አገኘሁ? ጉድጓድ። የድሮውን መሻገሪያ ቆፍረው አውጥተውታል። አያቶቻችን በእግር፣ እኛ በመኪና የተሻገርንበት ያ ጠንካራ ድንጋይ... የለም። ከዳር እስከ ዳር ተቦርቡሯል። ውሃ የሚያልፍባቸው የድልድዩ የኮንክሪት ሣጥኖች ሣሩ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። በጎን በአሸዋው በኩል ጊዜያዊ ማለፊያ አለ፣ እሱንም በኮንክሪት ብሎክ ዘግተውታል።

ትሬቨርን ቢሮ ባደረገው ኮንቴይነር ውስጥ አገኘሁት። ሳንድዊች እየበላ።

"ለምን ወጡ?"

"ትዕዛዝ ነው። የሎጁ ሰዎች እንግዶች አሉባቸው። መጀመሪያ የፏፏቴው መንገድና የመኪና ማቆሚያው ይለቅ ተባለ።"

"መጀመሪያ ድልድዩ ብላችሁ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ቆመህ ነው ያልከው።"

"አውቃለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እንመለሳለን። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት።"

"ዝናቡስ?"

ሳንድዊቹን አስቀመጠ። "ዝናቡን እኔ አላዝዘውም፣ ሎርና።"

መኪናዬ ውስጥ ስገባ ነው መልሱ የመጣልኝ፣ እሱም ለጽሑፍ አይሆንም።

ለሄክተር ደወልኩ። "እሺ፣ ነገ እታጠባለሁ" አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ደመና። በስተምሥራቅ መብረቅ አየሁ። ገና ነው እኮ። ገና ነው...

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ቻንቴል መጣች፣ የሄክተር ልጅ። ልጆቿን ለጎረቤት ሰጥታ ከዳርዊን ድረስ ነድታ። አባቷን ማምጣት ትችል እንደሆነ በአካል ልትጠይቀኝ። ስልክ ላይ እምቢ ስላልኳት ፊት ለፊት እምቢ እንደማልላት አስባ ነው።

"ዝግ ነው፣ ልጄ።"

"ለሁሉም?"

"ለሁሉም።"

"እየቀለጠ ነው አክስቴ። ትናንት ከማሽኑ ሲወርድ ስሜን ረሳው።" በሩን አየችው፣ ቀጥላ ወገቤ ላይ ያለውን ቁልፍ። "አንቺ ነሽ የምትዘጊብን?"

መኪናዋን አዙራ ሄደች። አቧራው ሳይበርድ ሦስት ነጫጭ መኪኖች መጡ። ትሬቨር ከፊት።

"ክፈችላቸው" አለኝ። "የሎጁ እንግዶች ናቸው። ከላይ ተፈቅዷል።"

ከፈትኩ። አዎ፣ ከፈትኩ። በእጄ። የመጨረሻው መኪና መስኮት ወረደና አንዲት ሴትዮ፣ ሸሚዟ ጉድፍ የሌለው፣ "እንዴት ያለ አገር ነው፣ ታድለሻል" አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት። አመሰግናለሁ!

መንገዱ ለማን ነው ዝግ የሆነው? ደህንነቱ የማን ነው? እነዚያ መኪኖች ጎማቸው ከኛ በምን ይለያል?

ቻንቴል ነዳጅ ማደያው ሳትደርስ ደወልኩላት።

"ማክሰኞ አምጪው።"

"ተፈቀደ?"

"አልተፈቀደም።"

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዛሬ ያደረግኩትን እኔው ልጻፈው። ሌላ ሰው በሌላ መልክ ሳይጽፈው።

በጠዋት መጡ። ሄክተር ከፊት ተቀምጧል። ፊቱ አብጧል፣ እግሩ ጫማ አይገባለትም፣ ኮፍያውን ግን አድርጓል።

"በደንብ ልብስሽ ነው የምታሳልፊኝ?" አለ።

"ሌላው ልብሴ አልደረቀም።"

በሩን ከፍቼ ክፍቱን ተውኩት። እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ኩይሳዎቹ ጋ ወደ ቀኝ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ብሎኮቹ እንዳሉ ናቸው። አንድ ትልቅ ሎደር ብቻ ነው እዚያ የቀረው፣ ሣጥኖቹን ሊያነሳ። ትሬቨር እየበረረ ደረሰ። አንዱ በሬዲዮ ነግሮታል።

"ሎርና፣ መኪኖቹን አዙሩ።"

"አናዞርም።"

"እዚህ ሰው ቢጎዳ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ገባሽ? ፊዮና አይደለችም። እኔ ነኝ።"

"ዓርብ ዕለት ያስገባሃቸው ቢጎዱስ?"

"እነሱ በዚያኛው በኩል ነው የሄዱት።"

"በሩ አንድ ነው፣ ትሬቨር።"

ሄክተር መስኮቱን አወረደ። ቀስ ብሎ ነው፣ ክንዱ አይታዘዘውም።

"ትሬቨር ማለት አንተ ነህ?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ሄክተር እባላለሁ። ልሞት ነው የምሄደው። ስለዚህ በደህንነቴ ብዙ አትጨነቅ።"

ትሬቨር ከመስኮቱ ራቅ አለ።

ሎደሩ ጸጥ አለ። ነጂው ወረደ። ሲዮኔ ይባላል፣ ከቶንጋ ደሴቶች ነው፣ በር የሚያህል ሰው። ስሙን በኋላ ነው የጠየቅኩት። መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብሎ የራስ ቁሩን አወለቀ።

"አባባ፣ ቤትዎ ማዶ ነው?"

"ያ ማንጎ ይታይሃል? ከሱ ሥር።"

"የኔ አባት እንዲህ ሲሆን እኔ ሲድኒ ነበርኩ" አለ ሲዮኔ። ተመልሶ ወጣ፣ ሎደሩን አስነሳ፣ ብሎኮቹን አንድ በአንድ አንስቶ ወደ ጎን አስቀመጣቸው።

"ማን አዘዘህ?" አለ ትሬቨር።

"ማንም" አለ ሲዮኔ ከላይ።

ትሬቨር ጀርባውን ሰጠንና ስልኩን ማየት ጀመረ። እዚያ ኔትወርክ የለም።

አሸዋው መሃል የቻንቴል መኪና ሰመጠች። ሲዮኔ ሰንሰለት አስሮ ጎተታት። ማዶ አክስቴ ኤልሲና ሰዎቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ። ማንም አልሮጠም። ሄክተርን ደግፈን ስናወርደው አክስቴ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች።

"አረፈድክ" አለችው።

"መንገድ ዘግተውብኝ ነው።"

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ማንጎው ሥር አልጋ አወጣንለት። ትናንት ልጆቹ ከረግረጉ ኤሊ ይዘው መጡ፣ ፍም ውስጥ ጠበስነው። ዶክተሯ ዓመቱን ሙሉ የከለከለችውን ሁሉ በላ። ጨው ጨምሩ አለ። ጨመርን።

እግሩ በጣም አብጧል። አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። ሲነቃ ወደ ወንዙ አዙሩኝ ይላል።

"ያ ጉድጓድ ምንድነው?" አለኝ ዛሬ።

"ድልድይ ሊሆን ነው።"

አየት አደረገው። "አስቀያሚ ነው" አለና ተኛ።

ቻንቴል ወደ ዳርዊን ተመለሰች። ትንሹ ልጇ ትኩሳት ይዞታል። ሳምንቱን አይታው ትመለሳለች። ስትሄድ ጉንጩን ሳመችው፣ እሱም ስሟን ጠራ። ሁለቴ ጠራው።

ፊዮና በሳተላይት ስልክ ደወለች። እስኪጣራ ድረስ ሥራ እንዳልገባ። ቁልፉ ይዞታዬ ውስጥ እንዳለ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ከዛሬ ጀምሮ፣ እንደ ወጋችን፣ ስሙን አልጽፍም። አልጠራም።

ወንድሜ ጠዋት ሄደ። ዝይዎቹ ከረግረጉ ሲነሱ ነበር። አክስቴ ኤልሲ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው። አልተሰቃየም... ብዙ አልተሰቃየም።

ነርሷ በሄሊኮፕተር መጥታ ወረቀቱን ፈርማ፣ ደመናው ሳይጫናት ቶሎ ተነሳች። ለቻንቴል ነገርናት። መኪና ውስጥ ነኝ አለች። እየመጣሁ ነው።

ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። እስካሁን እየወረደ ነው። እንዲህ ያለ ዝናብ በዚህ ወር? አክስቴ እንኳን ትንሽ ሆና ነው ያየችው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ቀበርነው።

ልጻፍ ወይስ ልተወው? እጽፋለሁ።

ትናንት ጠዋት ወደ ወንዙ ወረድን። አሸዋው ላይ የነበረው ማለፊያ ተጠርጎ ሄዷል። የድሮው መሻገሪያ ቢኖር ኖሮ ውሃው ከጉልበት አያልፍም ነበር፣ ሰው ይዘን እናሻግራት ነበር። አሁን ያ የቆፈሩት ጉድጓድ ሞልቶ፣ ጠርዙ እየተናደ፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ እየዞረ ነው። ጥልቀቱን ማን ያውቃል። አዞ ደግሞ እንዲህ ያለ ውሃ ይወዳል።

ማዶ ቻንቴል ቆማለች። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ። ከዋናው በር በእግሯ ነው የመጣችው። በሩ ላይ የሚጠብቅ አልነበረም። ወደ ውሃው አንድ እርምጃ ስትገባ አክስቴ ኤልሲ ጮኸችባት። እሷ ስትጮህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነው።

"አንቺንም ላጣ ነው? ውጪ ከዚያ!"

ወጣች።

ሄሊኮፕተሩ በዚህ ሰማይ አይነሳም አሉ። ሙቀቱ ደግሞ... ማቆያ ቀዝቃዛ ክፍል የለንም። ልናቆየው አንችልም። አክስቴ ወሰነች። ወደ ልጁ እንውሰደው አለች።

ዛሬ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ አልጋው ላይ አድርገን፣ ወንዶቹ ተሸክመው ወንዙ ዳር አወረዱት። ፊቱን ገለጥን። ከዚህ እስከዚያ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ቻንቴል ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ዘፈኑን አነሱ፣ እሷም ከማዶ ተቀበለች። ድምፅዋ በውሃው ላይ እየቆየ ይደርሰናል፣ ከኛ ኋላ ኋላ እየቀረ።

"አባዬን አየሁት" ብላ ጮኸች ሲያልቅ። "በቃ፣ ውሰዱት። ዝንብ አይረፍበት።"

ወሰድነው። ስንሄድ ዞሬ አየኋት። አልተነሳችም። አጠገቧ ሲዮኔ ቆሞ ነበር፣ ጃንጥላ ይዞላት። ከየት መጣ? አላውቅም።

መኪና ማቆሚያው አልቋል አሉ። ፏፏቴው ጋ። ነጭ መስመር ሁሉ ተቀብቷል።

አምላኬ ሆይ ይህንን ንዴት የት ላድርገው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ውሃው ትንሽ ሲጎድል በጀልባ አሻገሩኝ። ቢሮ ሄድኩ። ፊዮናና ከከተማ የመጣ ሰውዬ። ሰውየው ብዙ አነበበ። የደህንነት ደንብ፣ እምነት ማጉደል፣ የሌሎችን ሕይወት አደጋ ላይ መጣል።

"የምትይው አለ?" አለኝ።

"ዓርብ ኦክቶበር አሥር በሩን ለሦስት መኪና ከፍቻለሁ። ስለሱም ትጠይቀኛለህ?"

ፊዮናን አየ። ፊዮና ጠረጴዛውን አየች።

ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ሊመልሱኝ ነበር ሐሳባቸው። ቁልፉን አስቀመጥኩ። ሸሚዙንም አጥቤ፣ አጥፌ ይዤ ሄጄ ነበር፣ እሱንም አስቀመጥኩ።

ፊዮና በረንዳው ድረስ ተከተለችኝ። አለቀሰች። "መናገር ነበረብኝ" አለች።

"ነበረብሽ" አልኳት። እጇን እንድይዝላት የፈለገች ይመስለኛል። አልያዝኩላትም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 17

ዝናብ። አክስቴ ጋ ነው የምኖረው። ወንዙ ባሕር ሆኗል። ከሣጥኖቹ ሁለቱን ጎርፉ ገልብጧቸዋል። ዱቄት በሄሊኮፕተር።

በዝናቡ አልናደድም። ተናድጄ የምነቃው በሌላው ነው። ዓይኔን ሳልከፍት ከትሬቨር ጋ እከራከራለሁ። በየቀኑ እኔ ነኝ የማሸንፈው። ምን ዋጋ አለው?

ረቡዕ፣ ሜይ 20

ድልድዩ አለቀ። ውሃው ሲጎድል መጥተው እንደ እብድ ሠርተው ጨረሱት። ስንት የለመንነው ድልድይ... ይቻል ነበር እኮ።

ዛሬ ፊዮና በላዩ በእግሯ ተሻግራ መጣች። አብሯት ከከተማ ቢሮ የመጣ ወጣት፣ ፈገግታው የማይጠፋ። ምርቃት አለ። ጁን ውስጥ። ሚኒስትር ይመጣል። እኔ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር እንዳደርግ ፈልገዋል። እኔ።

"ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ" አለ ወጣቱና ሥዕል አወጣ። ድልድዩ ላይ የሚሰቀል የነሐስ ሰሌዳ። የወንድሜ ስም፣ በትልቁ። ከዚያ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሙሉ ስሙን። አክስቴ ኤልሲ ፊት።

አክስቴ ተነሥታ ገባች። ፊዮና ፊቷ አመድ መሰለ። እሷ ታውቃለች፣ ስንት ዓመት አብራን ኖራለች። ግን ዛሬም ቀድማ አልተናገረችም።

"የተሳሳተ ነገር አልኩ?" አለ ልጁ።

"እዚያ ወንዝ ላይ በሕይወት እያለ አላሳለፋችሁትም" አልኩት። "አሁን ስሙን ልትሰቅሉት ነው። እኛ ደግሞ ስሙን ገና አንጠራም። በዚያ ባለፍን ቁጥር ዓይናችንን እንድንጨፍን ነው?"

ይቅርታ ጠየቀ። ከልቡ ነው። ሥዕሉን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ መታጠፉ ራሱ አናደደኝ።

ረቡዕ፣ ጁን 3

የፓርኩ ቦርድ ስብሰባ። አክስቴ ኤልሲ የመንደሩን ወንበር ይዛ ተቀመጠች፣ እኔ አጠገቧ። ሚኒስትሩ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ድንኳን ተተክሏል፣ ሪባን ተገዝቷል።

አክስቴ ተናገረች። ረጋ ብላ።

"ልጃችን ሞቷል። ሰው ሲሞት ያደገበት አገር በጭስ ታጥኖ እስኪጸዳ ድረስ እንግዳ አይገባበትም። ወንዙም የሱ ነው። ፏፏቴውም የሱ ነው፣ እዚያ ነው ዋና የተማረው። ልጁ ቻንቴል ገና መቃብሩን አላየችም። ዘመዶቻችን ገና አልተሰበሰቡም። እስከዚያ መንገዱ ዝግ ነው።"

የከተማው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "ከምርቃቱ በኋላ ማድረግ አይቻልም?"

"አይቻልም።"

"ለአንድ ቀን ብቻ ብንከፍተው... እንግዶቹ ተጠርተዋል።"

"የኛም እንግዶች ተጠርተው ነበር" አለች አክስቴ። "ወንዝ ዳር ቆመው ቀሩ።"

መሬቱ የኛ ነው፣ ፓርኩ ተከራይ ነው፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። ሁሉም ያውቁታል። ፊዮና እጇን አወጣች።

"መብታቸው ነው" አለች። "ሴፕቴምበር ላይም፣ ኦክቶበር ላይም መብታቸው ነበር። ያኔ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ሁሉም ሰሙ። ትሬቨር ከኋላ ተቀምጦ ነበር፣ ቀና አላለም።

ጸደቀ።

ምልክቱን እኔና አክስቴ ሰቀልነው። በሀዘን ምክንያት ዝግ። ትሬቨር የራሱን መሰላል ይዞ መጣና ደግፎ ያዘልኝ። ጠይቄው አይደለም።

"እስከ መቼ ነው?" አለ ቀስ ብሎ።

"ሰዉ እስኪሰበሰብ።"

ራሱን ነቀነቀ። "የዚያን ቀን ስልኬ ላይ ምንም አላየሁም" አለ።

"አውቃለሁ።"

ይቅር አላልኩትም። መሰላሉን ግን መለስኩለት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 18

ሁሉም መጡ። ከዳርዊን፣ ከካትሪን ከተማ፣ ከምሥራቁ ጠረፍ። ሲዮኔ ሚስቱን ይዞ መጣ፣ በጥበብ የተሠራ ምንጣፍ ተሸክሞ፣ በነሱ ወግ ለሀዘን የሚሰጥ። ቻንቴል ልጆቿን መቃብሩ ላይ አስቀመጠቻቸውና ብቻዋን ብዙ ቆየች። አልቀረብናትም።

ከዚያ ቅጠሉን አነደድን። አክስቴ ኤልሲ በኔ መኪና ከፊት ተቀምጣ፣ ወንዶቹ ጭሱን ይዘው ከፊታችን በእግር። ድልድዩን አጠንን። ኩይሳዎቹ ጋ ደረስን፣ ወደ ፏፏቴው ታጠፍን፣ እስከ ውሃው ድረስ። እዚያ ከሰዓቱን ሙሉ ተዘፈነ። ከዚያ ምልክቱን አወረድኩ። ሚኒስትር የለም፣ ሪባን የለም።

ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት ስንመለስ ወሬ ጀመርኩ። ቆይቶ ብቻዬን እንደማወራ ገባኝ። አክስቴ ኤልሲ ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ ራሷ መስኮቱ ላይ። በዚያ መንገድ ላይ ሰው ተኝቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም፣ ያ ሁሉ ድንጋይ ማንን ያስተኛል። አስፋልቱ ልስልስ ነው። ድልድዩ ላይ ስናልፍ እንኳ አልነቃችም።

ጥሩ መንገድ ነው። መናገር አለብኝ፣ በጣም ጥሩ መንገድ ነው። ያን ጊዜ ቢሆን ወንድሜም እንደዚህ ተኝቶ ይገባ ነበር።

ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ እንዳትነቃ።